ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ፀንሳለች፤ ለእናቷ መቼና እንዴት እንንገራቸው?

የፎገራው ልጅ፣ ከባሕር ዳር (ጥያቄ፣ ጥቅምት 10)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን የምጽፈው ደስታዬን ለሰው ለመንገር ቸኩዬ የምነግረው ሰው ግን ስላጣሁ ነው። በተጋባን በሁለተኛ ዓመታችን ባለቤቴ ፀንሳለች። የመጨረሻው የወር አበባዋ የመጣው ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለሆነ ዛሬ ዘጠኝ ሳምንት አልፏታል። ባለፈው ሳምንት በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ክትትል ጀምራለች፤ በአልትራሳውንድም የልቡን ትርታ አብረን አየን። ከባቄላ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ነገር ያን ያህል ሲጣደፍ ሳይ የምለው ጠፍቶኝ፣ ነርሷን «ይህ ሁሉ የእርሱ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት፤ ሳቀችብኝ።

ወሬውን የምናውቀው እኔ፣ እርሷና መርማሪዋ ነርስ ብቻ ነን። እንዲህ ብንልም ምስጢሩ ከእጃችን እየወጣ ነው። ባለቤቴ የዘጌ ልጅ ናት፤ በሬ በማይጠመድበት፣ ሰው በቡናና በጌሾ በሚያድርበት አገር፣ በቡና ጫካ ውስጥ ያደገች፣ ቡና ሳትጠጣ ውላ የማታውቅ ሰው ናት። አሁን ግን ቡና ሲቆላ ጭሱ ገና ሳይደርሳት አፍንጫዋን ይዛ ከቤት ትወጣለች። ግቢ የምንጋራቸው እናት ሁለት ጊዜ ቡና ጠርተዋት ሁለቱንም ጊዜ ሰበብ ፈጥራ ከቀረች በኋላ፣ በሦስተኛው «ግዴለም ልጄ፣ ጊዜው ሲደርስ ትጠጫለሽ» ብለዋት ገብተዋል። ምንም አልጠየቁም፤ የገባቸው ግን ይመስለኛል።

ጎረቤት ማወቁ አያስጨንቀኝም፤ የሚያስጨንቀኝ የአማቴ ጉዳይ ነው። አማቴ አምስት ልጆች ወልደው ሦስቱን ቀብረዋል። የበኩር ልጃቸው፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ በደኅና አደገ። ከእርሱ ቀጥለው የተወለዱት ሁለት ሕፃናት ሳምንት ሳይሞላቸው ሞቱ። ከዚያ ባለቤቴ ተወልዳ ተረፈች፤ ከእርሷ በኋላ የመጣው ደግሞ ሳያድር ሞተ። አገሬው «ሾተላይ ናት» አለ። አማቴ ጸበል ተጠምቀዋል፣ ክታብ አስረዋል፤ ከሁሉ የከፋባቸው ግን እርጉዝ የሆኑ ጎረቤቶቻቸው «ይጋባል» ብለው ቤታቸው መግባት መተዋቸው ነበር። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ያደገች በመሆኗ፣ ልጃችን ተወልዶ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ለእናቷ ምንም እንዳልነግር አጥብቃ ትለምነኛለች። «ከአሁን ጀምሮ ከሰማች ሰባት ወር ሙሉ እንቅልፍ አይወስዳትም» ትለኛለች።

በሌላ በኩል፣ እንደምታውቁት በእኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ በሴቲቱ እናት ቤት ይወለዳል። አማቴ ይህን ቀን ልጃቸውን ከዳሩ ጀምሮ ሲጠብቁት ኖረዋል። ደብቀን ከወለድን በኋላ ብንነግራቸው ምን ፊት ይዤ እቀርባለሁ? ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የባለቤቴ ደም ሲመረመር «ኦ ኔጋቲቭ» ሆኖ ተገኘ፤ እኔ ደም ስለምለግስ ፖዘቲቭ መሆኔን አውቃለሁ። ነርሷ ባለቤቴን «በቤተሰብሽ ሕፃናት የሞቱበት ሰው አለ?» ብላ ስትጠይቃት ባለቤቴ «የለም» አለች። አጠገቧ ተቀምጬ ስለነበር ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ዝምታዬ እየከነከነኝ ነው። የሚመክረኝ ካለ ልስማ።


የሦስት ልጆች አባት፣ ቀበሌ 14

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ፤ ማርያም በሽልም ታውጣልህ።

እኔ የድሮ ሰው ስለሆንኩ የምመክርህ እንደ ድሮ ሰው ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ ወሬ ማውጣት ደግ አይደለም። ዓይን አለ ይባላል፤ ዓይን የለም ብትል እንኳ ፅንስ መውረድ አለ፤ የሚወርደውም አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ለሃምሳ ሰው ነግረህ ደግሞ ለሃምሳ ሰው «ቀረ» ማለት እንዴት እንደሚከብድ አስበው። በእኛ ቤት ሦስቱም ጊዜ ሆዷ ራሱ እስኪናገር ድረስ ዝም ነበር ያልነው። ነገር ግን ዝም ማለትና መዋሸት አንድ አይደሉም፤ አማትህ በቀጥታ ከጠየቁ «የለም» እንዳትል።

ሁለተኛው ምክሬ ስለ ተራው ነው። የገዛ እናትህ ወረታ ካሉ (ፎገሬ ነኝ ስላልክ ገምቼ ነው) እርሳቸው ከአማትህ ቀድመው እንዳይሰሙ ተጠንቀቅ። የሴቲቱ እናት ሳትሰማ የወንዱ እናት ከሰማች ያ ቅሬታ ልጁ ተድሮም አይበርድም። እኔ በበኩር ልጄ ጊዜ ይህን ተሳስቼ አማቴ ለአራስ ጥየቃ የመጡት በአሥራ አምስተኛው ቀን ነበር፤ እርሱንም ገንፎው ውስጥ ቅቤ አነሰ ብለው ወቅሰው ሄዱ።

ለጊዜው ግን ባለቤትህን ውኃ እንዳታስቀዳት፤ አጎበሩንም ዛሬውኑ ስቀል። ከመስከረም እስከ ኅዳር የእኛ ከተማ ወባ ቀልድ አይደለም።


አዋላጅ ነርስ

እንኳን ደስ ያለዎት። ከላይ የጻፉት አባት ስለ ዝምታ ያሉትን አልቃወምም፤ ወሬውን ለማን መቼ እንደምትነግሩ የባልና የሚስት ጉዳይ ነው፤ ሴትየዋ አልፈለገችም ከተባለ ማንም ሊያስገድዳት አይገባም። እኔ የምጽፈው ስለ ሌላው ነገር፣ ማለትም ባለቤትዎ ለነርሷ «የለም» ስላለችው ነው። ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ።

ሾተላይ የሚለው ስም በአገራችን ልጅ በተከታታይ ለሚሞትባት እናት ሁሉ ስለሚሰጥ በውስጡ ብዙ ዓይነት ምክንያቶች ተደባልቀው ይገኛሉ፤ ያልታከመ ቂጥኝም፣ ወባም፣ የተራዘመ ምጥም ሕፃናትን ሲገድል «ሾተላይ» ተብሎ ያውቃል። ይሁንና እርስዎ የነገሩን ቅደም ተከተል፣ በኩሩ ድኖ ተከታዮቹ በቀናት ውስጥ መሞታቸው፣ ወደ ደም ዓይነት አለመጣጣም ያመለክታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀይ የደም ሕዋሱ ላይ አር ኤች የሚባለው ፕሮቲን ያለው ሰው ፖዘቲቭ፣ የሌለው ኔጋቲቭ ይባላል። ኔጋቲቭ የሆነች እናት ከአባቱ ፖዘቲቭ ደም የወረሰ ልጅ ስትፀንስ፣ በተለይ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እርሷ ደም ይገባል፤ ሰውነቷም ያን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያጠፋውን ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጃል። ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ በኩሩ ከተወለደ በኋላ ስለሆነ በኩሩ ይተርፋል። ቀጥሎ ፖዘቲቭ ልጅ ሲፀነስ ግን ያ የተዘጋጀው ፀረ እንግዳ አካል በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ የፅንሱን ቀይ የደም ሕዋስ ማፍረስ ይጀምራል፤ ልጁ ደም አንሶት፣ ሰውነቱ አብጦ ወይም ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ሆኖ ይወለድና በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይሞታል። ከአባቱ ፖዘቲቩን ያልወረሰ፣ እንደ እናቱ ኔጋቲቭ ሆኖ የተፀነሰ ልጅ ግን የሚፈርስበት ነገር ስለሌለው በዚያው ማኅፀን ውስጥ በሰላም አድጎ ይወለዳል።

አሁን የባለቤትዎን ውጤት መልሰው ይመልከቱ። እርሷ ኔጋቲቭ ናት። የአማትዎ ደም ሳይመረመር እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም፤ ነገር ግን እርሳቸውም ኔጋቲቭ ሆነው ከተገኙ፣ ከሞቱት ወንድሞቿና እህቶቿ መካከል እርሷ ብቻ ለምን እንደተረፈች የሚያስረዳ መልስ ይኖራችኋል። ያ መልስ ደግሞ ከክታቡም፣ ከጎረቤት ሐሜትም ውጭ ነው።

ሾተላይ አይጋባም። ሴት ከሴት ጋር ቡና በመጠጣቷ፣ በአንድ ቤት በማደሯ፣ ልብስ በመዋዋሷ አያገኛትም። ለባለቤትዎ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ስለሆነና ከዚህ በፊት ደም ካልተሰጣት ወይም ፅንስ ካልወረደባት፣ ሰውነቷ ገና ፀረ እንግዳ አካል አላዘጋጀም ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ ይህም በደም ምርመራ ስለሚታወቅ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይጠይቁ። አዘጋጅታ ካልተገኘች በሕዝቡ ዘንድ «የሾተላይ መርፌ» የሚባለው አንቲ ዲ በ28ኛው ሳምንት ይሰጣታል፤ ልጁ ተወልዶ ደሙ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገምላታል። በመካከሉ ደም ቢታያት ወይም ሆዷ ቢመታ ሳትዘገዩ መምጣት አለባችሁ፤ የዚያን ጊዜም መርፌው ሊያስፈልግ ይችላልና። መርፌው በየመድኃኒት ቤቱ ሁልጊዜ አይገኝም፤ በማቀዝቀዣ የሚቀመጥ ስለሆነም አስቀድሞ ገዝቶ ቁምሳጥን ውስጥ ማኖር አይቻልም። ስለዚህ የት እንደሚገኝ ከአሁኑ አጠያይቁ፤ ገንዘቡንም ለብቻው አስቀምጡ።

ይህ መርፌ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1968 ጀምሮ በዓለም ላይ አለ። አማትዎ ሕፃናታቸውን ሲቀብሩ ነበረ ማለት ነው፤ እርሳቸው ጋ ግን አልደረሰም። ይህን ስጽፍ እጄ ትንሽ ዘገየብኝ።

ቀኑንም ላስላላችሁ። እኛ አዋላጆች ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ተነሥተን 280 ቀን እንቆጥራለን፤ በእኛ የዘመን አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን መጨመር ነው፤ አምስት ቀን ያላት ጳጉሜን በመካከሉ ካለፈች ግን ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይሆናል። ከነሐሴ 10 ተነሥተን ጳጉሜንን ስላለፍን የመውለጃዋ ቀን በግምት ግንቦት 15 ቀን 2018 ነው። 28ኛው ሳምንት የሚሞላው የካቲት 21 ይሆናል። ያ ጊዜ ዐቢይ ጾም ስለሆነ፣ ጾሙን በተመለከተ ከአሁኑ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ነፍሰ ጡር እንደሌላው እንድትጾም አትገደድም፤ ደም ያነሳት እናት ደግሞ ሲብስባት ብዙ አይተናል።

በመጨረሻም ምስጢር መጠበቃችሁ ከሐኪም ቤት ጋር ሲሆን ጉዳት አለው። ትኩሳት ቢይዛት «ወባ ይሆናል» ብላ ከጎረቤት የተረፈ ክኒን እንዳትውጥ፤ መድኃኒት ቤት ስትገባም መፀነሷን ሳትናገር ምንም እንዳትቀበል። ፕሪማኩንን የመሰለ የወባ መድኃኒት ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ቡናዋ ላይ ጤና አዳም የምታደርግ ከነበረች (ቡናውን ራሱ እንደጠላች ጽፈዋል፤ ቢሆንም) ለጊዜው ይቅርባት።

ለነርሷ «የለም» ያለችውን እርስዎ ከጀርባዋ ሄደው አያስተካክሉባት። አብረዋት ሄደው እርሷ ራሷ እንድትናገር ያግዟት።


የፎገራው ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሲስተር። መልእክትዎን ትናንት ማታ ለባለቤቴ አነበብኩላት። «እርሷ ብቻ ለምን እንደተረፈች» የሚለው ጋ ስደርስ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ራሷ ደጋግማ አነበበችው። እስከ ዛሬ ድረስ መትረፏን እንደ ዕዳ ትቆጥረው እንደነበር የነገረችኝ ትናንት ነው። እናቷ እርሷን ሲያዩ የሞቱትን የሚያስታውሱ ይመስላት ነበር። ለነርሷ ለመናገር ተስማምታለች፤ ለእናቷ ግን አሁንም እያመነታች ነው።


ያለፈችበት

በጉዳይዋ ስለምገባ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ አንድ ነገር ለባለቤትህ እጽፋለሁ።

እኔ የመጀመሪያዬን ደብቄ ነበር። ከባሌ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። በአሥራ አንደኛው ሳምንት ወረደብኝ። ምንም የተፀነሰ ስላልነበረ፣ ምንም ያልሞተ ስለመሰለ፣ ማንም አላጽናናኝም። በሦስተኛው ቀን የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነበረ፤ ሄጄ እስክስታ መትቻለሁ። እናቴ የሰማችው ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛዬን ስወልድ፣ አዋላጇ «ስንተኛሽ ነው?» ብላ ጠይቃኝ «ሁለተኛዬ» ስል ነው። እዚያው ከአልጋዬ አጠገብ ቆማ አለቀሰች። የቆጫት መሞቱ ብቻ አልነበረም፤ ብቻዬን መሆኔ ነበር።

ስለዚህ «ሦስት ወር ሳይሞላ አይነገር» የሚለውን ምክር ለጎረቤትና ለመሥሪያ ቤት ወሬ እቀበለዋለሁ፤ ለእናት ግን አይሠራም ባይ ነኝ። ሦስት ልጅ የቀበረች እናት ልጇ ተደብቃ ብታልፈው ደስ የሚላት ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም።

አንድ ጥያቄም አለኝ። ባለቤትህ የምትሠራው ምንድን ነው? እኔ ያኔ በአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ የሌሊት ፈረቃ እሠራ ነበር፤ ስለደበቅሁ ማንም አልቀየረኝም። ሌሊቱ ያስወረደኝ ነው አልልም፤ አላውቅምና። ነገር ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መሥራት እንደሌለባት በኋላ ነው ያወቅሁት። ሳትነግሪያቸው ማን ይተገብርልሻል?


የፎገራው ልጅ

ለባለቤቴ እንዳነበብኩላት እወቂልኝ እህቴ። እርሷም የምትሠራው በግል ድርጅት ነው፤ ፈረቃ ግን የለባትም። ምክርሽን ተቀብላ ትናንት ለአለቃዋ ብቻ ተናግራለች። ከመውለጃዋ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር እንደምታርፍ ተነግሯታል። ለእኔ ለአባት የተፈቀደው ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን የገንፎው ድስት ታጥቦ ሳይደርቅ ያልቃል፤ የዓመት ዕረፍቴን ከወዲሁ እየቆጠብኩለት ነው።


ከዘጌ

እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ልጃችን ናትና ደስታው የእኛም ነው።

ስለ መውለጃው ቦታ ጥቂት ልበል። በከተማ ያለ ሰው ዘጌ ሲባል ገዳምና ቡና ብቻ ይመስለዋል፤ ሴቶቻችን እንደ ድሮው በየጫካው የሚወልዱ አድርጎ የሚያስብም አለ። እንዲህ አይደለም። የጤና ባለሙያ አለን፤ እናቶች በጤና ተቋም ይወልዳሉ፤ ገንፎም እዚያው ይገነፋል። ቢሆንም ሲስተሯ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ይህችኛዋ ልጅ እዚህ ትውለድ አልልም። መርፌው በ72 ሰዓት ውስጥ ያስፈልጋል ተብሏል፤ ሕፃኑም ቢጫ ከሆነ የሚታከምበት ቦታ ቅርብ መሆን አለበት። ከእኛ ወደ ባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ግንቦት ላይ ምጥ በሌሊት ቢመጣና ጣና ቢናወጥ ማን ጀልባ ያስነሣል? የየብሱም መንገድ ዝናብ ከጣለበት የታወቀ ነው።

«በእናት ቤት ይወለድ» የሚለው ወግ ግን በቤቱ ግድግዳ የተያዘ አይመስለኝም። ወጉ የሚለው ልጂቱ ስታምጥ እናቷ ከራስጌዋ ትሁን፣ ገንፎውን እናቷ ታገንፋ፣ አራስነቷን እናቷ ታርሳት ነው። እናት ወደ ልጅ ብትመጣ ወጉ የሚፈርስ አይመስለኝም። የእኔ እኅት ባሕር ዳር ስትወልድ እናታችን የገንፎውን ዱቄት፣ ቅቤውን፣ ምጣዱን ሳይቀር በጀልባ ጭና ሄዳ አርባ ቀን ሙሉ ከእርሷ ጋር ሰንብታለች። ምጣድ እዚያ ይገዛል ብንላትም እምቢ ብላ ነው። አማትህን እንዲህ ብለህ ጥራቸው፤ ልጃችሁን ከለከልኳችሁ የምትል አትምሰል።


የሦስት ልጆች አባት፣ ቀበሌ 14

ከላይ በጻፍኩት ላይ አንድ ነገር ላርም። ያቺ እህት የጻፈችውን ካነበብኩ በኋላ ለባለቤቴ አሳየኋት። እርሷም በሁለተኛውና በሦስተኛው ልጃችን መካከል አንድ ወርዶባት እንደነበር፣ ለእኔ የነገረችኝ ግን «ወር አበባዬ ዘገየ» ብላ እንደነበር ዛሬ ነገረችኝ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። «ሆዷ ራሱ እስኪናገር» እያልኩ የኮራሁበት ዝምታ ይህን ደብቆ ኖሯል። ስለዚህ ለአማትህ ንገራቸው። ስለ ተራው ያልኩትን ግን አላነሣም፤ ከእናትህ በፊት።


የፎገራው ልጅ (ጥቅምት 20)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ፤ ጠይቆ ሲያበቃ የሆነውን አለመንገር ነውር ስለሆነ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ዘጌ ተሻገርን። ባለቤቴ ጀልባው ላይ ከማቅለሽለሹ ጋር ስትታገል፣ ባለ ጀልባው ምንም ሳይጠይቅ ዝንጅብል ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት፤ እርሱም ገብቶታል ማለት ነው። በጣና ዙሪያ ምስጢራችንን ያላወቀ ሰው የሌለ እየመሰለኝ መጣ።

ቤት እንደገባን አማቴ እንደ ወትሮው ቡና ሊያፈሉ ተነሡ። ማሰሮውን ካነሡ በኋላ የልጃቸውን ፊት አዩና መልሰው አስቀመጡት። ቡናው ሳይቆላ ቀረ። በዚያ ቤት ቡና ሳይቆላ እንግዳ ሲስተናገድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቀጥሎ «ስንት ወርሽ ነው?» አሉ። የምናገረውን በሙሉ ሳዘጋጅ ሰንብቼ ነበር፤ አንዱንም አልተጠቀምኩበትም።

ባለቤቴ ነገረቻቸው። ስለ ደሟም፣ ስለ መርፌውም፣ ሲስተሯ ከጻፉት ውስጥ የገባትን ሁሉ ነገረቻቸው። አማቴ ብዙ አላወሩም። ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ «ታዲያ እነዚያ ሕፃናት የሞቱት እኔ በሠራሁት አልነበረም?» አሉ። ባለቤቴ «ደምሽ ሳይመረመር አይታወቅም» ስትላቸው «ታዲያ ለምን እንቀመጣለን?» ብለው ነጠላቸውን አነሡ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደሆነ አስረድተን በግድ አስቀመጥናቸው።

ትናንት ረቡዕ ጠዋት ብቻቸውን በጀልባ ተሻግረው መጡ። በአንድ ላቦራቶሪ ደም ሰጥተው ውጤቱን እስኪነግሩን በአግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ኦ ኔጋቲቭ ናቸው። ባለሙያው ውጤቱን በቃሉ ሲነግራቸው «ጻፍልኝ» አሉት። «እማማ፣ ሰው ሁሉ ኔጋቲቭ ሊሆን ይችላል፤ በሽታ እኮ አይደለም» አላቸው። «አውቃለሁ፤ ጻፍልኝ» አሉት። ጻፈላቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ባለቤቴ አነበበችላቸው፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ከላቦራቶሪው ስንወጣ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። ባለቤቴ ለነርሷ ያለፈውን አስተካክላ ተናገረች፤ ነርሷም ካርዷ ላይ መዘገበችው፤ የፀረ እንግዳ አካሉም ምርመራ ታዘዘላት። የካቲት 21 በቀን መቁጠሪያችን ላይ በቀይ ተከብቧል። አማቴ ግንቦት መባቻ ላይ እኛ ዘንድ ይመጣሉ፤ ምጣዱንም ይዘው እንደሚመጡ ከወዲሁ አስታውቀዋል። የመውለጃዋን ቀን ስነግራቸው ጣታቸውን ቆጥረው «ስድስት ቀን ብትታገሥ የግንቦት ማርያም ናት» አሉ።

ዛሬ ማታ ወረታ ለእናቴ እደውላለሁ። ተራውን ጠብቄያለሁ።


አዋላጅ ነርስ

እልል ብያለሁ፤ ለወንድ ሰባት ለሴት ሦስት ነውና፣ ገና ስላልታወቀ አምስት አድርጌዋለሁ። የፀረ እንግዳ አካሉ ምርመራ ውጤት ሲመጣ እዚሁ ጻፉልን። አማትዎ በአገራቸው ያሉ እርጉዝ ሴቶች ደማቸውን እንዲያስመረምሩ ቢነግሩልኝ፣ ከእኔ ይልቅ እርሳቸውን ይሰማሉ።


የፎገራው ልጅ

ነግረዋል ሲስተር። ዛሬ ጠዋት ወደ ዘጌ ሲመለሱ ወደብ ድረስ ሸኝቼያቸው ነበር። ጀልባው ሳይነሣ አጠገባቸው ለተቀመጠች አንዲት ሆዷ ለገፋ ሴት የነጠላቸውን ጫፍ እየፈቱ ነበር።